የ1916 እና የ2016 የጎጃም ማጀት፦ ለትምህርት ቤት ትርኢት ምን ይቀመጥ፣ ምን ይቅር?

የደምበጫ መምህርት፦

ጤና ይስጥልን፣ እንዴት ሰነበታችሁ። ደምበጫ ላይ የመቶ ዓመት የኑሮ ለውጥን ለተማሪዎች የሚያሳይ ትርኢት እያዘጋጀን ነው። በአንድ ሰፊ ክፍል የ1916 ዓ.ም. የገበሬ ማጀትና የ2016 ዓ.ም. የከተማ ወጥ ቤት ትይዩ ይቆማሉ። በሁለቱም እንጀራ ይጋገራል፤ ተማሪው እህሉ ከጎተራ ወጥቶ መሶብ እስኪገባ ያለውን ሥራ በእጁ እየሞከረ ያያል። እስካሁን የድንጋይ ወፍጮ ከነመጁ (በላዩ በእጅ እየተገፋ ከሚፈጨው ድንጋይ ጋር)፣ ሙቀጫና ዘነዘና፣ ሁለት አሮጌ ምጣድ፣ እንስራ፣ ጀበና ከነሲኒው፣ ኩራዝ፣ ቁና፣ ሞፈርና ቀንበር ተሰብስቧል።

ወፍጮው ለዓመታት አጥር ሥር የተጣለ ነው፤ መልሶ እንዲፈጭ ምን ይደረግለት፣ እንዴትስ ይተከላል? ከምጣዶቹ እሳት የሚችለው የትኛው እንደሆነ በምን ይለያል? ከሰበሰብነው ውስጥ ለ1916 የማይሆን ዕቃ ካለም ንገሩን። ልጆቹ ስሕተት ይዘው እንዲወጡ አንፈልግም።

ወፍጮ ወቃሪ፦

ከወፍጮው መጀመራችሁ ጥሩ ነው። በዚህ መቶ ዓመት ከጎጃም ማጀት ከወጣው ሥራ ሁሉ የሴቶችን ወገብ የሚሰብረው እሱ ነበርና ዋናውን ቦታ ስጡት።

ድንጋዩን በብሩሽና በውሃ እጠቡና ፀሐይ ላይ በደንብ አድርቁት፤ ከዚያ ፊቱን በመዳፍ ዳሱት። ልሙጥ ከሆነ እህሉ ከመጁ ሥር ይንሸራተታል እንጂ አይሰበርም፤ መወቀር አለበት ማለት ነው። አወቃቀሩ ከላይ ወደ ታች ረድፍ ይዞ፣ በሹል ብረት፣ በቀላል ምት ነው። ጠንክሮ መምታት ድንጋዩን ይፈነክተዋል። ጉድጓዱ ከሰፋ ደግሞ ጤፍ ይወሸቅበትና ሳይፈጭ ይቀራል። የመጁም ሆድ አብሮ ይወቀር፤ አንዱ ሻካራ ሌላው ልሙጥ ከሆነ ድካሙ ከንቱ ነው። የሚወቅረው ሰው ዓይኑን ይሸፍን፣ ልጆችም ራቅ ይበሉ፤ ፍንጣሪው እንደ ስለት ነው።

እንደተወቀረ ወዲያው ለምግብ አይፈጭበትም። አንድ ሁለት እፍኝ ርካሽ እህል ፍጩና ጣሉት፤ የሚወጣው ዱቄት ግራጫነቱን እስኪተው ድረስ ድገሙት። ይህ ከተዘለለ እንጀራው ውስጥ ጠጠር ይነከሳል። ድሮም ቢሆን የወፍጮ አሸዋ የጥርስ ጠላት ነበር፤ ይህንን ለተማሪዎቹ ንገሯቸው።

ለተከላው መደቡን በድንጋይና ጭድ በገባበት ጭቃ ሥሩ። የምትፈጨው ሴት ቆማ ጎንበስ ስትል እጇ ሳይንጠራራ የወፍጮውን ጫፍ መንካት አለባት። ድንጋዩ በእሷ በኩል ከፍ፣ በወዲያኛው ጫፍ ዝቅ ይላል፤ በዝቅተኛው ጫፍ ሥር ዱቄቱ የሚወርድበት መቀበያ ይበጃል። ተዳፋቱን በራሱ በእህሉ መዝኑት። እህል ስትበትኑ መጁ ሳይነካው ተንከባሎ ከወረደ በዝቷል። ዱቄቱ በመጁ እየተገፋም እላዩ ላይ የሚቆለል ከሆነ አንሷል። ጭቃው ሳይደርቅ መፍጨት አትጀምሩ፤ ድንጋዩ ይነቃነቅና መደቡን ይሰነጥቀዋል። እንደኛ ባለ ደጋ ቢያንስ ሳምንት ስጡት፣ ክረምት ከሆነ ከዚያም በላይ።

እህሉ መጀመሪያ በሰፌድ ይበጠራል፣ ጠጠሩ ይለቀማል። ገብስ ከሆነ በሙቀጫ ተፈትጎ ገለባው ይለቃል። ባቄላና አተር መጀመሪያ ይከካሉ። በቆሎና ዳጉሳ በመጀመሪያው ዙር ይሸረከታሉ፣ ተመልሰው ይልማሉ። የረጠበ እህል ድንጋዩ ላይ እንደ ሊጥ ስለሚለጠፍ ከመፍጨት በፊት ይሰጣ።

ለልጆቹ የተጻፈ ቁጥር ከመስጠት ግማሽ ኪሎ ጤፍ መዝናችሁ ስጧቸውና ሰዓት ይያዙ። ያገኙትን ደቂቃ በስድስት ያባዙት፤ የ3 ኪሎ ዱቄት ጊዜ ይወጣል። ከዚያ ያንን በየዕለቱ፣ ያውም ጎህ ሳይቀድ ማድረግ ምን እንደሆነ በራሳቸው ይረዱታል።

ስለ ሞተር ወፍጮ የምትጽፉት መግለጫ ላይ አንድ ነገር አትርሱ። ወፍጮ ቤት ሲመጣ ሥራው ከቤት ወጣ እንጂ ከነጭራሹ አልጠፋም። መንገድ መሄድ፣ ተራ መጠበቅና ገንዘብ መክፈል በቦታው ገቡ። ከዚያ የሚበልጠው ለውጥ ደግሞ ሥራው እጅ መቀየሩ ነው። መፍጨት የሴት ብቻ ነበር፤ እህል በአህያ ጭኖ ወፍጮ ቤት መውሰድ ግን የልጆችና የወንዶችም ሆነ። ናፍጣ ሲጠፋ ወይም ሞተሩ ሲበላሽ ግን ሥራው ወደ ማጀት ተመልሶ ሴቲቱ ላይ ይወድቃል። ድንጋዩ ብዙ ቤት ሳይጣል የኖረው ለዚህ ነው።

ለ2016 ማጀት ከወፍጮ ቤት በምታስመጡት ዱቄትም ተጠንቀቁ። ትኩስ ዱቄት በማዳበሪያ ታስሮ ካደረ ላቡ ወደ ውስጥ ይመለስና ይሻግታል። ቤት እንደገባ ሰፊ ነገር ላይ ተበትኖ ይቀዝቅዝ። ከእናንተ በፊት የተፈጨው ማሽላ ወይም ሽሮ ከሆነም ቀድሞ የሚወጣው ዱቄት የእናንተ ብቻ ስላልሆነ የመጀመሪያውን ለይታችሁ ያዙት።

ጉልቻ፦

ወደ ምጣዱ ልምጣ። ምጣዱን በጣት አንጠልጥሉት ወይም ጠርዙን ብቻ አስደግፉትና በጉልጥምት አንኳኩ። ጥርት ብሎ ከጮኸ ደህና ነው። ድፍን ያለ ድምፅ ከሰጠ ዓይን የማያየው ስንጥቅ አለበት፤ እሳት ላይ ሊጥ እንደፈሰሰበት ይከፈላል። እሱን ለእይታ ብቻ አስቀምጡት።

ደህናውም ቢሆን ለረጅም ጊዜ ስለተቀመጠ እንደ አዲስ መሟሸት አለበት። ቀስ ያለ እሳት ሥሩ አንድዱና እርጥበቱ ይውጣ፤ መጀመሪያውኑ ነበልባል ከተለቀቀበት ውስጡ ያለው ውሃ ተንኖ ይሰነጥቀዋል። ሲግል የተወቀጠ ጎመን ዘር በትኑበትና በጨርቅ እየዞራችሁ አሹት፤ ጭሱ እስኪያልቅ ይቃጠል፣ ይጠረግ፣ እንደገና ይታሽ። ፊቱ ጠቁሮ መስተዋት መምሰል ሲጀምር ደርሷል። ሦስት አራት ጊዜ መድገም ያስፈልግ ይሆናል። የመጀመሪያዎቹ እንጀራዎች ቢጣበቁ አትደንግጡ፤ የተጣበቀው ተፍቆ በማሰሻ ሲታሽ ይለቃል። ሳሙናና ውሃ ግን እንዳይነካው፤ ያሟሸታችሁትን ሁሉ ይዞት ይሄዳል።

ሦስቱ ጉልቻ እኩል ካልሆኑ ሊጡ ወደ አንድ ወገን ይሸሽና እንጀራው ግማሹ ስስ፣ ግማሹ ወፍራም ይሆናል። ምጣዱን ሳታሞቁ ጥቂት ውሃ መሐሉ ላይ አፍስሱና ወዴት እንደሚሄድ እዩ። ውሃው ከደረቀ በኋላ ብቻ እሳት ይግባ። የጋለ ምጣድ ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ማፍሰስ የስንብት ያህል ነው። ሊጡ ከዳር ተጀምሮ እየዞረ ወደ መሐል ይፈሳል፤ ዓይኑ ሲወጣ አክንባሎ ይከደናል፤ ጠርዙ ራሱን ሲያነሳ በሰፌድ ይወጣል። ለ1916ቱ ከእበትና ከጭድ የተሠራ አክንባሎ ፈልጉ፤ የቆርቆሮው ለወዲያኛው ማጀት ይሁን።

ከጉልቻው አጠገብ ሦስት ዓይነት ማገዶ ደርድሩ፦ የአገር በቀል እንጨት፣ ኩበት፣ ባሕር ዛፍ ከነቅጠሉ። ይህ ብቻውን አንድ ትምህርት ነው። እንጨቱ ሲርቅ ኩበቱ ወደ ምድጃ ገባ፤ ኩበቱ ምድጃ ሲገባ ማሳው ፍግ አጣ፤ ማሳው ፍግ ሲያጣ በ50 ኪሎ ጆንያ የሚገዛ ማዳበሪያ ግድ ሆነ። የምድጃው ታሪክና የእርሻው ታሪክ አንድ መሆኑ በሌላ መንገድ እንዲህ ጎልቶ አይታይም። ቦታ ካላችሁ ከአዊ በኩል ዲከረንስ የሚባለውን የግራር ዘር ጨምሩ። በፋግታ ለኮማ ገበሬው ማሳው ላይ ተክሎ በአራት አምስት ዓመት ይቆርጠዋል፣ ከሰል ያከስለዋል፣ መሬቱን መልሶ ያርሳል።

ከጉልቻና ከኤሌክትሪክ ምጣድ መካከል ምርጥ የሚባለው ከሲሚንቶ የሚሠራው ምድጃ አለ። ዙሪያውን ስለሚዘጋ ከጉልቻ አንጻር ማገዶውን እስከ ግማሽ ይቀንሳል። ጭስ የሚያፍን ከሆነ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የምድጃው አይደለም፤ በምጣዱና በምድጃው ከንፈር መካከል ያለው ክፍተት በጭቃ አልተመረገም ማለት ነው።

ባሶ ገበያ፦

እኔ ስለ ዕቃዎቹ ዘመን ልናገር።

ኩራዙን ከ1916 አንሱት። ላምባ ከባሕር ማዶ መጥቶ በእንስሳ ጀርባ አባይን ተሻግሮ የሚገባ ዕቃ ነበር፤ የገበሬ ማጀት የዕለት መብራት አልነበረም። ብርሃኑ የምድጃው እሳት ነው፤ ለበዓልና ለጸሎት ጧፍ። ጧፍ መሥራት ለልጆችም ይቻላል። የጥጥ ፈትል ገምዶ በቀለጠ ሰም ደጋግሞ ማጥቀስና እያሹ ማለስለስ ነው። ሰሙን ነበልባል ላይ ሳይሆን ሙቅ ውሃ ውስጥ በተቀመጠ ዕቃ አቅልጡት፤ አለበለዚያ እሳት ይይዛል። ክብሪትም አታስቀምጡ። ማታ ፍሙ በአመድ ይዳፈናል፣ ጠዋት ይገለጣል፤ ከጠፋ ከጎረቤት ይጫራል። ይህን ለማሳየት አመድ የሞላበት ምድጃ ይበቃል።

ጀበናው ጥንቃቄ ይፈልጋል። እስከ 19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ድረስ ቤተ ክርስቲያን ቡና መጠጣትን አትደግፍም ነበር፤ በክርስቲያኑ ገበሬ ቤት ቡና የተለመደው ከዚያ ወዲህ ነው። ስለዚህ ረከቦቱን የ1916 ማጀት እምብርት አታድርጉት። ዘጌን አንስቶ የሚከራከር ይኖራል፤ ዘጌ ቡና አብቃይ መሆኗ እውነት ነው፣ ግን መላው ጎጃም ዘጌ አይደለም። ነጩን የሸክላ ሲኒ ለኋላው ዘመን አቆዩት።

እንስራው ይቀመጥ፣ አጠገቡም የ20 ሊትር ጀሪካን። ልጆቹ ሁለቱንም ባዶውን ያንሡ፤ የሚገባቸው ያኔ ነው። እንስራ ውሃ ሳይሞላ ራሱ ሸክም ነው፣ ከወደቀም የሄዱበት መንገድ ሁሉ ጠፋ ማለት ነው። በሌላ በኩል እንስራ በግድግዳው ስለሚያልብ ውሃውን ያቀዘቅዛል፣ በወይራም ይታጠናል፤ ጀሪካን ሁለቱንም አይችልም። ክዳኑና ጠባብ አንገቱ ግን እጅና ጣሳ ስለማያስገቡ ውሃውን ከቤት ብክለት ይጠብቁታል። ውስጡ አረንጓዴ ከሆነ ጥቂት ጠጠርና ውሃ ጨምሮ መናጥና ማለቅለቅ ነው፤ ፀሐይ ላይ ቆሞ ከዋለ ተመልሶ ያበቅላል።

ስለ ገንዘብ አላነሳችሁም። ጠገራ ብርና አሞሌ ጨው ብታገኙ የመሶቡ አጠገብ ይሁኑ። ጠገራው የማርያ ቴሬዛ ብር ነው፤ መቼም ይመታ መቼ 1780 የሚል ነው የተጻፈበት፣ ክብደቱ 28 ግራም ገደማ። ተማሪዎች «የ1780 ነው» ብለው እንዳይወጡ መግለጫው ላይ ይጻፍ። ከነጻነት በኋላ በ1937 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ብር ተተካበት። አሞሌው በዚህ አገር ክረምት ውሃ ስለሚያወጣ ከታች ደረቅ ገለባ አድርጉለት። ቁናውን ደግሞ «ይህን ያህል ኪሎ» ብላችሁ አትጻፉ። ቁና የሚለካው ስፍር ነው፤ ከቦታ ቦታ ይለያያል፣ አንድ ቁና ጤፍና አንድ ቁና ገብስም እኩል አይመዝኑም።

ሞፈርና ቀንበሩን በተመለከተ፣ ሁለቱም ወገን ይቁም! በ2016ም አብዛኛው የጎጃም ማሳ በበሬ ታርሷል። ወገሉ፣ ድግሩ፣ እርፉ፣ ምራኑ ስማቸውም ሥራቸውም ያው ነው። ለ1916 ብቻ ካደረጋችሁት የገበሬ ልጆች ራሳቸው ይታዘቧችኋል።

የደምበጫ መምህርት፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ብዙ ከመሳሳት አዳናችሁን። ኩራዙ ተነሥቷል፣ ሞፈሩም ወደ መሐል መጥቷል። ሁለት ነገር ቀረኝ። የኤሌክትሪክ ምጣዱን አዳራሹ ግድግዳ ላይ ካለው ተራ ሶኬት በማራዘሚያ ልንሰካው ነበር፤ ችግር አለው? ከ1916 ወደ 2016 በአንዴ መዝለላችንስ ልጆቹን አያሳስትም?

የምጣድ ሽቦ፦

በማራዘሚያ በፍጹም አትሰኩት። የተለመደው ምጣድ 3,500 ዋት ያህል ይወስዳል። በ220 ቮልት 16 አምፔር ይሆናል ማለት ነው፤ ያውም ለሰዓታት ሳያቋርጥ። ማራዘሚያውና ተራው ሶኬት መጀመሪያ ይግላሉ፣ ከዚያ ፕላስቲኩ ይቀልጣል፣ ከዚያ እሳት ነው። ከቆጣሪው ሰሌዳ ለብቻው 4 ካሬ ሽቦና 25 አምፔር ብሬከር ይዘርጋለት። የመሬት ሽቦው የግድ ይታሰር፤ እርጥብ እጅና ሊጥ ያለበት ቦታ ነው።

በምጣዱ ጀርባ የተጠማዘዘ ቦይ አለ፤ ሬዚስታንሱ፣ ማለትም የሚግለው ሽቦ፣ እዚያ ውስጥ ይተኛና በጀሶ ይሸፈናል። ትርፍ ምጣድ ካገኛችሁ ገልብጣችሁ አሳዩ፤ ልጆች ይወዱታል። ጀሶው የተሰነጠቀበት ቦታ ሽቦው ብቻውን ይግልና እዚያው ይበጠሳል። ሲበጠስ አንዳንድ ሠራተኛ የተቃጠለውን ቆርጦ የቀረውን ያገናኛል፤ ይህ መጥፎ ጥገና ነው። ሽቦው አንድ አሥረኛው ቢያጥር ኃይሉ ከ3,500 ወደ 3,900 ዋት ገደማ ይወጣል፣ አምፔሩም ወደ 18። ምጣዱ ያሳርራል፣ የቀረውም ሽቦ ቶሎ ያልቃል። ሙሉውን ቀይሩት።

የምሽት መብራት ሲደክም እንጀራው ዓይን የማያወጣው ደግሞ በጋጋሪዋ ጥፋት አይደለም። ቮልቱ ከ220 ወደ 180 ቢወርድ ሙቀቱ የሚወርደው በዚያው መጠን ሳይሆን ወደ ሁለት ሦስተኛ ነው፤ 3,500 የነበረው 2,300 ዋት ገደማ ይሆናል። ስለዚህ ትርኢቱን ረፋድ ላይ አድርጉት፣ ምጣዱንም ከመጀመሪያው እንጀራ በፊት በደንብ አሙቁት።

ጉልቻ፦

ስለ መዝለሉ፣ አዎ ያሳስታል። መሐል ላይ ትንሽ ሦስተኛ ማጀት አቁሙ፤ 1966 ዓ.ም. በሉት። የድንጋይ ወፍጮው ማዕዘን ላይ ገለል ብሎ ብቅል ብቻ ይፈጭበት፤ በሩ አጠገብ ከሞተር ወፍጮ የመጣ ዱቄት ይቀመጥ፤ ያነሣችሁት ኩራዝ እዚህ ቦታውን ያገኛል፤ የላምባ ቆርቆሮም ውሃ ይቀዳበት። ምድጃው ግን ያው ሦስት ጉልቻ፣ ጭሱም ያው። ያኔ ባሕር ዳር የጢስ አባይ መብራት ከገባላት ዓመታት አልፈዋል፤ ገጠሩ ጋ ግን አልደረሰም። ልጆቹ ማየት ያለባቸው ይህን ነው፤ መፍጨት ቀድሞ ከቤት ወጣ፣ መጋገር ጭሱን ይዞ ብዙ ቆየ፣ ብዙ ቤትም ዛሬም አለ።

በሦስቱም ማጀት የማይለወጠው ሊጡ ነው፤ ከአንድ ቡሃቃ ቅዱላቸው። ትርኢቱ ቅዳሜ ከሆነ ረቡዕ ማታ በእርሾ ይቦካ፤ ደምበጫ ብርዳማ ስለሆነች ሁለት ሌሊት ላይበቃ ይችላል። ቅዳሜ ጠዋት እላዩ ላይ የጠለለውን ውሃ አፍስሱ። ከሊጡ አንድ ጣሳ ያህል ወስዳችሁ በሦስት ጣሳ የፈላ ውሃ እያማሰላችሁ አብሲት ጣሉ፤ እስኪወፍርና እስኪንተከተክ ይብሰል። ጥሬ አብሲት እንጀራውን ዓይን ያሳጣዋል። ትንሽ በረድ ሲል ወደ ቡሃቃው መልሱት፤ እሳት እንደሆነ ከገባ እርሾውን ይገድለዋል። ኩፍ ብሎ አረፋ ሲያወጣ በ1916ቱ ጀምሩ፤ ጉልቻው እስኪሞቅ ከሁሉም ይዘገያል።